የተራቡት ዓይኖች የማን ናቸው?

በርካሽ ወረቀት የታተመ ሁሉ ራሱ ርካሽ ነው የሚለው ፍርድ በሥነ ጽሑፍ ሂስ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያገኘ ስንፍና ነው። በሃያኛው ምእተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በአሜሪካ፣ ከእንጨት በተሠራ ሻካራ ወረቀት ይታተሙ የነበሩት «ፐልፕ» የተሰኙ መጽሔቶች ይህ ፍርድ በጅምላ ወድቆባቸዋል። ከነዚሁ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1954 የወጣው «ዊርድ ቴልስ»፣ ደም መጣጭ ሙታንን ከመቃብር እያስነሣ አንባቢውን ሲያስደነግጥ ኖሯል። አብዛኛው እርግጥ እብቅ ነው። እብቅነቱ የሚታወቀው ግን ከተበጠረ በኋላ ነው።

ፍሪትዝ ሌይበር ከዚሁ መጽሔት ጸሐፊዎች አንዱ ነበር። «የተራቡ ዓይኖች ያሏት ልጅ» የተባለው አጭር ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ርእሱን በወረሰ አንድ ርካሽ የኪስ መድበል ውስጥ ታተመ። ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ካቆመው የድራኩላ ግንብ አንድ ድንጋይ እንኳ አልተዋሰም። ባላባት የለ፣ የሬሳ ሣጥን የለ፣ የሾለ ጥርስ የለ። ያለው ገበያ የራቀው አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ስሟን የማትናገር ልጅ ሥራ ፍለጋ ትመጣለች፤ ቀጭን ናት፣ ቁንጅናዋም እምብዛም ነው፤ ዓይኖቿ ግን የተራቡ ናቸው። ምስሏን ያዩ የማስታወቂያ ደንበኞች፣ ከቢራ ጠማቂው ጀምሮ፣ ከእርሷ በቀር ሌላ አንፈልግም ይላሉ። አድራሻዋን አትሰጥም፤ ማንም እንዳይከተላት ታስጠነቅቃለች። መልኳ በየአደባባዩ ሲሰቀል፣ በከተማው ውስጥ ወንዶች ምክንያቱ በማይታወቅ ሞት ይረግፋሉ። በመጨረሻ ፎቶግራፍ አንሺው ይከተላታል፤ የምትሻው ደሙን እንዳልሆነም ከራሷ አንደበት ይሰማል። የምትጠይቀው የልጅነት ደስታውንና ቁስሉን፣ የመጀመሪያ ፍቅሩን፣ በልቡ ያኖረውን ትዝታ ሁሉ ነው። ሸሽቶ ያመልጣል።

የልቦለዱ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። የቀድሞው ደም መጣጭ የሚወስደው ተፈጥሮ መልሳ የምትተካውን ነው፤ ይህችኛዋ የማይተካውን ትፈልጋለች። ማስታወቂያም ቢራን የሚሸጠው በቢራነቱ አይደለም። የሰውን የወጣትነት፣ የፍቅርና የወዳጅነት ናፍቆት ወስዶ በጠርሙስ ያሽግና ለባለቤቱ መልሶ በዋጋ ይሸጥለታል። ሌይበር ይህን ያየው ቴሌቪዥን ገና በጥቂት የአሜሪካ ቤቶች ብቻ በነበረበት ዘመን ነው። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 በታተመው «ካፒታል»፣ የሙት ጉልበት ክምችት ሕያው ጉልበትን እንዴት እንደሚመጥ ሲያስረዳ ይህንኑ ደም መጣጭ በምሳሌነት አንሥቶታል። ያንን ገጽ በቃሉ የሚያነበንብ ሐያሲ የሌይበርን ልቦለድ ሽፋኑን ብቻ አይቶ ቢወረውረው፣ ንባቡ ከከንፈር አላለፈም ማለት ነው።

ሆኖም ልቦለዱን ከቅርጫት ማውጣት ከተጠያቂነት ነጻ ማውጣት አይደለም። ልጅቱን እንዲህ አድርጎ የቀረጻት የሚሊዮኖች ስውር ረሃብ ሊሆን እንደሚችል ሌይበር በተራኪው አንደበት ይጠቁማል። ረሃቡን ማን ቆሰቆሰው? ማንስ ነገደበት? ጥያቄው ደጃፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ቢራ ጠማቂው ቢራውን ይሸጣል፤ ማንም አይነካውም። ፎቶግራፍ አንሺው ምስሉን ያነሣ፣ ዋጋውን የተቀበለ፣ የሰዎቹን ሞት እያወቀም ከልጅቱ ያልተለየ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ታሪኩን የሚተርከው እንደ ተበዳይ ነው። ጭራቅ ሆና የቀረችው ስም የሌላት፣ ቤት የሌላት፣ ለመከላከያ አንድ ቃል ያልተፈቀደላት ተቀጣሪዋ ብቻ ናት። ቀጣሪዎቹ በልተው እርሷ በላች ተባለ።

ለአማርኛ አንባቢ የክሱ መልክ እንግዳ አይደለም፤ ዓይን እንደሚበላ ቋንቋው ራሱ ይናገራልና። ሕፃን በታመመ ቁጥር «ቡዳ» ተብለው ጣት ሲቀሰርባቸው የኖሩት ማረሻ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ነበሩ። በዚያ ማረሻ የታረሰውን እህል በግብር ስም ወደ ጎተራው ያስገባው ጌታ ግን በላ ተብሎ አልተከሰሰም፤ ጠበል የተረጨበትም የለም። የሌይበር ስሕተት ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ እርሱ ለሚያስፈራ ታሪክ ሲል የጻፈው መሆኑ፣ ባለ እጆቹ ግን ኖረውበት መቃጠላቸው ነው።

ስለዚህ ሂሱ መነሣት ያለበት ከወረቀቱ ዋጋ ሳይሆን ከክሱ ነው። ይህን ልቦለድ በክፍል የሚያስነብብ መምህር ተማሪዎቹ ልጅቱን ብቻ ሳይሆን ቢራ ጠማቂውንም በተከሳሽ ሳጥን እንዲያቆሙት ቢያደርግ፣ ሌይበር ጀምሮ የተወውን ፍርድ ያስቀጥላል። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያን አላደረገም። እ.ኤ.አ. በ1972 «ናይት ጋለሪ» በተባለው ተከታታይ ዝግጅት ልቦለዱ ለተመልካች ሲቀርብ፣ ያሰራጨው ጣቢያ የሚተዳደረው በማስታወቂያ ገቢ ነበር።