የካርቱም እርሻና ትንሹ ኤሌክትሪክ

ካርቱም በሁለቱ ዓባዮች መገናኛ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለ ሆነች ለሩቅ ተመልካች ውሃ የማያሳስባት ትመስላለች። ነገር ግን ወንዙ ከእርሻው በታች ይፈስሳል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል ካልተገኘ የቱቲ ደሴት አትክልትም ሆነ ወደ ሰሜን ያለው ስንዴና ባቄላ በወንዝ ዳር ቆሞ ይደርቃል። በ1925 የተፈጸመው የሰናር ግድብ የሚያጠጣው የገዚራ እርሻ በቦይ ቁልቁል የሚወርድ ውሃ ስላለው ከዚህ ችግር ነጻ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቀረው የወንዝ ዳር ገበሬ ግን አስቀድሞ ሳቂያ በተባለው በበሬ በሚዞር መንኰራኵር ሲያጠጣ ኖሮ ኋላ በናፍጣ ሞተር ተካው።

ናፍጣው ሲጠፋ ምን እንደሚደርስ ሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት በግልጽ አሳየ። ነዳጅ በዋጋም በመንገድም ተወደደ። በባሕሪ ያለው ትልቁ የውሃ ማጣሪያ ሥራውን አቆመ። በመጋቢት 2025 የመንግሥቱ ጦር ከተማይቱን መልሶ ከያዘ በኋላ የተመለሱት ነዋሪዎች የመዳብ ሽቦው ከምሰሶውና ከመሬት ውስጥ ተመዝዞ፥ ትራንስፎርመሩም ተበርብሮ አገኙት። በ2009 የተመረቀውና 1,250 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የመረዌ ግድብ እንኳ በጥር 2025 በሰው አልባ አውሮፕላን ተመትቶ ብዙ ከተሞች በጨለማ አደሩ። እንግዲህ የኃይል ምንጭ አንድና ሩቅ ሲሆን የገበሬው አዝመራ በዚያ በአንዱ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚቀር ማንም ሊክደው አይችልም።

ስለዚህ በካርቱምና በኦምዱርማን በትናንሽ ሱቆች የፀሐይ ሰሌዳ የሚገጥሙትን፥ በዝቅተኛ ቮልት የሚሠራ መብራትና ማራገቢያ የሚያዘጋጁትን፥ የውሃ መሳቢያ የሚያስተካክሉትን ሠራተኞች የእርሻ ሹማምንት ሊመለከቷቸው ይገባል እንላለን። ትልቁ ሽቦ ይጠገን፤ ይህን የሚቃወም የለም። ሆኖም የሽንኩርት መደብ ትልቁ ሽቦ እስኪጠገን ድረስ አይጠብቅም።

ነገሩ ለብዙ ሰው እንግዳ ስለ ሆነ በጥቂቱ እናብራራ። ፀሐይ በሰሌዳው ላይ ስታርፍ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ነው፤ ባትሪም የሚያከማቸው ይህንኑ ነው። ለከተማ ሽቦ የተሠራውን መሣሪያ ለማንቀሳቀስ ግን ኢንቨርተር በሚባል መለወጫ ማሳለፍ ግድ ይሆናል፤ በዚያም ከኃይሉ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በ12 ወይም በ24 ቮልት በቀጥታ የሚሠራ መሣሪያ ከዚህ ኪሳራ ይድናል። ደግሞም የሚፈልገው ጥቂት ነው፤ የድሮው አምፑል 60 ዋት ወስዶ የሚሰጠውን ብርሃን ኤል.ኢ.ዲ. የተባለው አምፑል በ9 ዋት ገደማ ይሰጣል። በካርቱም ሙቀት ያለ ማራገቢያ ማደር አይቻልምና፥ 70 ዋት ይወስድ የነበረውን የጣራ ማራገቢያ በ30 ዋት በሚሠራ መተካት ቀላል ነገር አይደለም።

ዝቅተኛ ቮልት ግን ቀጭን ሽቦን አይወድም። 120 ዋት በ12 ቮልት ሲላክ 10 አምፔር ይሆናል፤ በ24 ቮልት 5፥ በ48 ቮልት ደግሞ ሁለት ተኩል ብቻ። በሽቦው ላይ የሚጠፋው ኃይል በአምፔሩ ብዜት በራሱ ስለሚቈጠር፥ ከ12 ወደ 24 መሻገር ኪሳራውን ወደ ሩብ ያወርደዋል። ስለዚህ ሰሌዳው ከወንዙ ርቆ የተተከለበት ገበሬ 12 ቮልት የሚሸጥለትን ነጋዴ ደጋግሞ ይጠይቀው።

ሌላው ነገር ምርመራ ነው። በሰሌዳው ጀርባ የተጻፈው ዋት በ25 ዲግሪ ሙቀት የተለካ ነው። በካርቱም በጋ ሰሌዳው ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ከዚያም ከኃይሉ በመቶ 15 ያህል ይቀንሳል። ሐቡብ የሚሉት የአሸዋ ነፋስ የሚያለብሰው አቧራ ሲጨመርበት የባሰ ነው። የእርሳስ ባትሪም በሙቀት ዕድሜው ያጥራል። ይህን ያላወቀ ገበሬ በወረቀት የተጻፈለትን ውሃ ሲጠብቅ ሰብሉ ይጠወልግበታል፤ ጥፋቱንም በፀሐይ ላይ ያደርጋል። ለትናንሾቹ ድርጅቶች ከገንዘብ ስጦታ ይልቅ የሚጠቅማቸው ዕቃቸው በአገሩ ሙቀትና አቧራ ተፈትኖ ማኅተም የሚያገኝበት አንድ የምርመራ ቤት ነው። መጥፎውን ከደኅናው የሚለይ ከሌለ ርካሹ ሁልጊዜ ያሸንፋል።

ለመስኖ ባትሪ እንኳ አያስፈልግም። ሞተሩ ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ውሃውን ወደ ጋን ያወጣል፤ ማታ የሚከማቸው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ውሃው ነው። በሰሜን ግዛት ከጦርነቱ በፊት የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ከሱዳን መንግሥት ጋር የናፍጣ ሞተሮችን በፀሐይ መሳቢያዎች መተካት የጀመረው በዚህ ዓይነት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ናፍጣ ውድ በሆነ ጊዜ ገበሬው ሞተሩን ያጠፋ ነበር፤ ፀሐይ ግን ሒሳብ ስለማትጠይቅ ከጉድጓድ የሚቀዳ ሰው ቀኑን ሙሉ ሊቀዳ ይችላል። በወንዝ ዳር ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ከወንዝ በራቀ ስፍራ ግን የጉድጓዱ ውሃ መጠን ሳይለካ መሳቢያ ባይፈቀድ ይሻላል።

በእኛ አገር በሰሜን ሸዋ በረማ መንደር የሆነውን ሱዳኖች ቢመለከቱት መልካም ነው። ከ2000 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ከ2,000 የሚበልጡ ቤቶች ትንሽ የፀሐይ መብራት ተገጠመላቸው፤ ባለቤቶቹም በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እየከፈሉ፥ በዚያው በሠለጠኑ ወጣቶች ያስጠግኑ ነበር። ከተገጠመው ሰሌዳ ይልቅ ጠጋኙ በአጠገብ መኖሩን እናደንቃለን። የካርቱም ወጣት መካኒክም የናፍጣ ሞተር መፍታት ያውቃል፤ የጎደለው ጥቂት ወር ትምህርትና የቮልት መለኪያ ነው።

ብድሩን በተመለከተ፥ የመሳቢያው ዋጋ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ሲሆን የናፍጣው በየቀኑ ነበር፤ ድሃው ገበሬ የሚሰናከለውም በዚህ ነው። ባንኩ በየወሩ ክፈል ቢለው ከየት ያመጣል? ክፍያው ሽንኩርቱ ከተሸጠ፥ ስንዴው ከተወቃ በኋላ እንዲሆን ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይጻፍለት።