የጎደለው ክላስ ወይስ የጎደለው ምርመራ? ጃቫ ፐርሲስተንስን ከድር መተግበሪያ ጋር ስለማዋሐድ

መግቢያ

በድሬዳዋም ሆነ በሌሎች የአገራችን ከተሞች የኮምፒውተር ሳይንስና የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪዎች ከሚያቀርቧቸው የመመረቂያ ሥራዎች መካከል በጃቫ የተጻፉ የድር መተግበሪያዎች ይገኙበታል። እንዲህ ያለ መተግበሪያ በተማሪው ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ሲሠራ ቆይቶ፣ ተገልጋዩ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ሲጫን አንድ ክላስ አልተገኘም የሚል መልእክት አሳይቶ ሊቆም ይችላል። የተለመደው መፍትሔ ከበይነ መረብ ወይም ከጓደኛ ፍላሽ የተገኘ ጃር ፋይል መጨመር ነው፤ ካልሠራም ሌላ መጨመር። የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ልማድ መታረም አለበት የሚል ነው። የክላስ መጥፋት ስሕተት በአብዛኛው የፋይል እጥረት ሳይሆን የሥሪቶች አለመጣጣም ምልክት ነው። ስለዚህ ምርመራው ራሱ የትምህርቱና የምዘናው አካል ሊሆን ይገባዋል።

ተመሳሳይ የሚመስሉ ሦስት ስሕተቶች

ጃቫ ፐርሲስተንስ፣ በአጭሩ ጄፒኤ፣ የጃቫ ክላሶችን ከመረጃ ቋት ሠንጠረዦች ጋር የሚያገናኝ ዝርዝር ደንብ እንጂ ራሱን የቻለ ሶፍትዌር አይደለም። ደንቡን በሥራ ላይ የሚያውሉት እንደ ሃይበርኔትና ኤክሊፕስሊንክ ያሉ አቅራቢዎች ናቸው። ግላስፊሽና ዋይልድፍላይ የየራሳቸውን አቅራቢ ይዘው ይመጣሉ፤ ቶምካት ግን አይዝም። ስለሆነም በማቨን ፋይሉ ውስጥ ጄፒኤን «ፕሮቫይድድ» ብሎ የመዘገበ፣ ማለትም ሰርቨሩ ያቀርበዋል ያለ ተማሪ፣ ኮዱ ኮምፓይል ቢደረግለትም ቶምካት ላይ ሲያስነሣው ይወድቅበታል።

የሚታዩት መልእክቶች ተቀራራቢ ቢመስሉም ትርጉማቸው የተለያየ ነው። «ክላስ ኖት ፋውንድ ኤክሴፕሽን» አንድ ፕሮግራም ክላስን በስሙ ጠርቶ ክላስ ጫኙ እንዳላገኘው ይገልጻል። «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር» ደግሞ ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ የነበረ ክላስ በሥራ ጊዜ እንደታጣ ይናገራል። ይኸው መልእክት ክላሱን ማስጀመር አልተቻለም የሚል ሐረግ ካለው ግን ፋይሉ በቦታው አለ፤ የከሸፈው ቀደም ብሎ የተሞከረው የክላሱ ማስጀመሪያ ነው። እዚህ ላይ ጃር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ምክንያቱ ከመዝገቡ ከፍ ብሎ ከመጀመሪያው ስሕተት ዘንድ ይገኛል። ሦስተኛው «ኖ ሰች ሜተድ ኤረር» ሲሆን፣ ክላሱ ተገኝቶ ሥሪቱ ሌላ መሆኑን ያመለክታል።

ስም የተለወጠበት ድንበር

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የችግሩ ዋነኛ ምንጭ የስም ለውጥ ነው። ጄፒኤ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ ክላሶቹ የሚጠሩት «ጃቫክስ» በሚል ቅድመ ስም ነበር። ኦራክል እ.ኤ.አ. በ2017 ጃቫ ኢኢን ወደ ኤክሊፕስ ፋውንዴሽን እንደሚያዛውር ካስታወቀ በኋላ፣ ሁለቱ ወገኖች በስሙ አጠቃቀም ላይ ሊስማሙ አልቻሉም። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በወጣው ጃካርታ ኢኢ 9 ቅድመ ስሙ «ጃካርታ» ሆነ። ቶምካት 9 የቀድሞውን ስም ሲያውቅ ቶምካት 10 የሚያውቀው አዲሱን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት ሃይበርኔት 6 እና ስፕሪንግ ቡት 3ም ወደ አዲሱ ስም ተሻግረዋል።

የድሬዳዋ አንባቢ ይህን በባቡሩ ታሪክ ሊረዳው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው የቀድሞው ሐዲድ ስፋቱ 1000 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የአዲሱ ግን 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ለቀድሞው ሐዲድ የተሠራ ፉርጎ ምንም ጉድለት ባይኖርበትም በአዲሱ ላይ ሊሄድ አይችልም። በቶምካት 10 ላይ የተጫነ የቶምካት 9 መተግበሪያም ሁኔታው ይኸው ነው። የጎደለ ነገር የለውም፤ ያረፈበት ሐዲድ የእርሱ አይደለም።

ለውጡን በጅምላ ስም በመተካት ለመወጣት መሞከርም ሌላ ስሕተት ይወልዳል። «ጃቫክስ ኤስኪውኤል» እና «ጃቫክስ ኔሚንግ» የመሠረታዊው ጃቫ አካል ስለሆኑ ስማቸው አልተለወጠም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ስሕተቱ በሌላ መልክ የሚመጣበት አጋጣሚ ነው። የጃቫ ማሽን በሥራ ጊዜ ያላገኘውን የአኖቴሽን ክላስ በዝምታ ያልፈዋል። ስለዚህ በአንዱ ስም የተሰየመ ኤንቲቲ በሌላው ስም ለሚሠራ ሃይበርኔት ሲሰጥ፣ ክላስ ጠፋ ከማለት ይልቅ ኤንቲቲው አይታወቅም የሚል መልእክት ሊያስከትል ይችላል።

ጃር መጨመር ትክክለኛ መፍትሔ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጃቫ 11 «ጃክስቢ» የተባለውን ክፍል ከመሠረታዊው ጃቫ በማውጣቱ፣ በእርሱ ላይ ይመኩ የነበሩ የቆዩ የሃይበርኔት ሥሪቶች ክፍሉን ለብቻ ማግኘት አስፈልጓቸዋል። ይህን ከላይ ከተጠቀሱት ለይቶ የሚያሳየው ግን ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

የሚነሣው ተቃውሞ

የኢንተርኔት አቅርቦት ደካማ፣ የፕሮጀክት ጊዜም አጭር በሆነበት ሁኔታ የጃር ፋይሎችን በፍላሽ መለዋወጥ የግድ ነው የሚሉ አሉ። ችግሩ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ትክክል አይደለም። በመተግበሪያው የ«ሊብ» አቃፊ ውስጥ የአንድ ጃር ሁለት ሥሪቶች ከተገኙ የትኛው ቀድሞ እንደሚጫን የሰርቭሌት ደንብ ዋስትና አይሰጥም። መተግበሪያው አንድ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በአንጻሩ ማቨን ያወረዳቸውን ጥገኛ ፋይሎች ሁሉ በአንድ አቃፊ ያከማቻል። ያንን አቃፊ አንድ ጊዜ አሟልቶ በፍላሽ ለቤተ ሙከራው ኮምፒውተሮች ማዳረስና ማቨንን ከኢንተርኔት ውጭ ማሠራት ይቻላል። ፍላሹ ያው ፍላሽ ነው፤ ልዩነቱ የተሸከመው ነገር ሥሪቱ የታወቀና የተመዘገበ መሆኑ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ተማሪዎች ቋሚ የምርመራ ቅደም ተከተል ሊማሩ ይገባል። በመዝገቡ ውስጥ የመጀመሪያውን ስሕተት ፈልጎ እስከ መጨረሻው መንስኤ ማንበብ ይቀድማል። ቀጥሎ የክላሱ ስም በ«ጃቫክስ» ወይስ በ«ጃካርታ» እንደሚጀምር ማየት፣ ከዚያም የዋር ፋይሉን ከፍቶ ጃሩ በውስጡ መኖሩን ማረጋገጥ፣ በመጨረሻም በማቨን የጥገኝነት ዛፍ የተደራረቡ ሥሪቶችን መለየት ይከተላል። ጃሩ በቶምካቱ የጋራ አቃፊ ተቀምጦ ከሆነም፣ የላይኛው ክላስ ጫኝ በታችኛው የተጫኑትን የመተግበሪያውን ክላሶች በራሱ ማየት እንደማይችል ማስታወስ ያሻል።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ክፍሎች ከእያንዳንዱ የመመረቂያ ሥራ ጋር የጃቫውን፣ የሰርቨሩንና የአቅራቢውን ሥሪት የሚገልጽ ሰነድ እንዲቀርብ ቢያስገድዱ መልካም ነው። ሦስተኛ፣ በመከላከያው ዕለት መተግበሪያው በተማሪው ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን ንጹሕ በሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ይታይ። ይህ ለፈታኞች ጥቂት ደቂቃዎችን ቢጨምርም ሥራው ከተማሪው እጅ ወጥቶ መኖር መቻሉን ያረጋግጣል።

ማጠቃለያ

ጉዳዩ በክፍል ውስጥ የሚቀር አይደለም። የጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚያሰባስብበት «ዲኤችአይኤስ 2» በጃቫ የተጻፈ፣ በሃይበርኔት ከመረጃ ቋቱ ጋር የሚገናኝና በቶምካት ላይ የሚሠራ ሥርዓት ነው። እንዲህ ያሉ ሥርዓቶችን ከሥሪት ወደ ሥሪት የሚያሸጋግሩት የዛሬዎቹ ተማሪዎች ናቸው። በዚያን ጊዜ ጃር እየቀያየሩ የሚሞክሩበት ላፕቶፕ ሳይሆን ጤና ጣቢያዎች ሪፖርት የሚልኩበት ሰርቨር ይጠብቃቸዋል። የስሕተት መልእክትን አንብቦ መንስኤውን የመለየት ችሎታ ከሥራ ላይ ይገኛል ተብሎ የሚተው ትርፍ ነገር አይደለም፤ ዲግሪው ራሱ ሊመሰክርለት የሚገባ ሙያ ነው።