የልጆች እባጭ ሁሉ ነቀርሳ አይደለም

አንዲት እናት ከዳባት ደጋ ልጇን አዝላ ጐንደር ስትደርስ፥ አስቀድማ የምትነግረን የበሽታውን ምልክት ሳይሆን ስሙን ነው፤ «ነቀርሳ ነው አሉኝ» ትለናለች። ቃሉ በአገራችን የሳንባ በሽታውንም ካንሰሩንም አጣምሮ የሚጠራ ስለ ሆነ፥ ከእባጩ ይልቅ ስሙ ቤተ ሰቡን ያስጨንቃል።

ከነዚህ እባጮች መካከል ግን ከጠጕር ሥር የሚነሣ፥ ጠባዩ ገር የሆነ እጢ አለ። ሐኪሞች ፒሎማትሪኮማ ይሉታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 ማሌርብና ሼናንቴ የተባሉ ፈረንሣውያን ሲገልጹት ከቆዳ የቅባት ዕጢ የወጣ መስሏቸው ነበር፤ ፎርቢስና ሄልዊግ በ1961 ከጠጕር አብቃይ ሕዋሳት መነሣቱን የሚያመለክተውን ስም አወጡለት። አብዛኛውን ጊዜ በልጆች ፊት፥ አንገትና ክንድ ላይ ይወጣል፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ካልሲየም ስለሚቋጥርም እንደ ጠጠር ይጠነክራል።

በባሕር ማዶ የተማርንባቸው መጻሕፍት «ሰማያዊ መልክ አለው» ይላሉ። በወገራ ልጅ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ይህን መልክ ፈልገን ብዙ ጊዜ አጥተነዋል። ስለዚህ ከዐይን ይልቅ ጣት ይታመናል። ቆዳውን ወጥረው ሲዳስሱት ማዕዘን ያለው ይመስላል፤ አንዱን ጫፍ ሲጫኑት ሌላው ብድግ ይላል።

የባልደረቦቻችንንም ስሕተት መሰወር አይገባንም። የአንገት እባጭ ሁሉ የነቀርሳ ነው ተብሎ የስድስት ወር መድኀኒት ሊታዘዝ ይችላል፤ በመርፌ የተቀዳው ናሙናም አንዳንድ ጊዜ ካንሰር መስሎ ያሳስታል። እኛም በሥራችን መጀመሪያ ዓመት ከአንዲት ልጅ ጕንጭ ያወጣነውን እጢ፥ ገርነቱን ተማምነን ሳናስመረምር ጣልነው። ከዓመት በኋላ እናቲቱ ተመልሳ «በርግጥ ክፉ አልነበረም?» ብላ ስትጠይቀን፥ የምናሳያት ማስረጃ አልነበረንም።

እጢው በራሱ አይጠፋም፤ ቅባትና ቅጠልም አያነሡትም፤ በጋለ ብረት መተኰስማ ጠባሳ ብቻ ያተርፋል። ፈውሱ ስፍራውን አደንዝዞ ሳያስተርፉ ማውጣት ነው፤ እንዲህ ከወጣ የሚመለሰው ከስንት አንድ ነው። እጅግ አልፎ አልፎ ግን ክፉ ዐይነቱ ስለሚገኝ፥ የወጣው ሁሉ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

ጐንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት፥ ዛሬም የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያላት ከተማ ናት። ወጪውንና መዘግየቱን የሚያነሡ ባልደረቦች አሉ፤ እውነትም ነው። ሆኖም ከደባርቅ በኩል የሚላከው በፎርማሊን የተሞላ፥ በሚገባ የተከደነና ስም የተጻፈበት አንድ ትንሽ ብልቃጥ ነው።