በጥቂቶች የተነደፈ ነፃነት

ሰሞኑን ካፌው በር ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጓደኞቻችን የሮበርት ሃይንላይንንና የአየን ራንድን መጻሕፍት ይዘው «ነፃነት ማለት ይኸ ነው!» ይሉናል። መንግሥት ከግለሰቡና ከገበያው ላይ እጁን ያንሣ የሚሉት ሊበርታሪያኖችም እ.ኤ.አ. በ1983 በፕሮሜቲየስ ሽልማታቸው የክብር መዝገብ ላይ በመጀመሪያ ያሰፈሩት የነዚህኑ የሁለቱን ሥራዎች ነው። ይሁን። እኛ ግን ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በየማለዳው በሚኒባስ ተጋፍተን የምንመጣ ነንና የታየን ሌላ ነው።

እስቲ ሃይንላይን በ1966 ያወጣውን የጨረቃ አመፅ ተመልከቱ። መሪው ማነው? ሦስት ሰዎችና ማይክ የሚባል ኮምፒዩተር። ስልኩ በማይክ እጅ ነው። ሕዝብ የሚያጨበጭብለት አዳም ሲሊን የሚባል ሰው ጭራሹን የለም፤ ማይክ የፈጠረው ድምፅና ምስል ነው። ለለፍላፊዎቹ ደግሞ ጉባኤ ተዘርግቶላቸው ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ቁም ነገሩ የሚቆረጠው ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። ደራሲው ይህን አይደብቅም። እንዲያውም ከአታላዮቹ ጋር ሆነን እንድንስቅ ያደርገናል፤ እኛም (እውነቱን እንናገር) ስቀናል።

ያንን ጉባኤ ግን እናውቀዋለን። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች የሚያቅፍ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሲመጣ ገበሬው የሰማው ካርታው ከተሳለ በኋላ ነው። ተማሪው ተነሣ፤ ደም ፈሰሰ። በኅዳር 2008 ከጊንጪ ተነሥቶ እንደገና ተቀጣጠለ፤ ጥር ላይ ዕቅዱ ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስቱ ከተሞቻችን ከሌሎች ጋር ሸገር ከተማ ተብለው ተጠቃለሉ፤ ቤት ማፍረሱም ተከተለ።

«እሱማ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ሊበርታሪያኖቹ የሚቃወሙትም ይህንኑ አይደል?» ይሉናል። እንግዲያው የራንድን መጽሐፍ ግለጡ። በ1957 በታተመው «አትላስ ሽረግድ» ውስጥ የነፃዎቹ ሸለቆ የአንድ ባለባንክ ርስት ነው። የሚገባው ምሎ ይገባል። የቀበሌ ስብሰባ የለ፣ ድምፅ መስጠት የለ! ቀያሹ ተለወጠ እንጂ ገመዱ ያው ነው። ኤዲ ዊለርስስ? ዕድሜውን ሙሉ ለባቡር ድርጅቱ በታማኝነት የሠራው ሰው በመጨረሻ በበረሃ ከቆመ ባቡር ጋር ይቀራል። ሸለቆ የጠራው የለም፤ አዋቂ አይደለማ!

መልስ ያላችሁ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን። መጀመሪያ ግን ኤዲን ከበረሃው አውጡት።