ጣሪያ ላይ ብርሃን ከመክፈታችሁ በፊት

በዚህ ወር አምዳችን ወደ ጣሪያ እንወጣለን።

እኛ መቂ ውስጥ የምንኖርባቸው የቆርቆሮ ቤቶች አንድ የጋራ ችግር አላቸው። ጓዳቸውና ማዕድ ቤታቸው በቀትር እንኳ ጨለማ ነው። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ግድግዳ ላይ መስኮት ቢከፈት የጎረቤትን ጓሮ ያያል፤ የእኛም ገመና ለጎረቤት ይጋለጣል። እናቶች ሽንኩርት የሚከትፉት፣ ልጆችም ቁርኣን የሚቀሩት በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተው ነው። መብራት የጠፋ ዕለትማ ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ብርሃኑን ከላይ ለማስገባት ያስባል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ከላይ የሚገባ ብርሃን የማንንም ቤት አያሳይም። ጣጣው የሚመጣው ሰኔ ሲገባ ነው። ኮርኒሱ ይበልዛል፣ ሞራሌው ይበሰብሳል፣ ውሃው የኤሌክትሪክ ሽቦ ካገኘ ደግሞ ነገሩ ከኮርኒስ ያልፋል።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ከቆርቆሮው ጋር አንድ ዓይነት ሞገድ ያለው ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ በአንድ ቆርቆሮ ቦታ መተካት ነው። ሁለተኛው ከጣሪያው ከፍ ያለ ክፈፍ ሠርቶ የሚከፈትና የሚዘጋ መስኮት ማስቀመጥ ነው። ጭስና ሙቀት ማውጣት ካላስፈለጋችሁ የመጀመሪያውን እንመርጥላችኋለን። ዙሪያውን ላሜራ አይፈልግም፤ እንደ ማንኛውም ቆርቆሮ ይደራረባል፤ የላይኛው ቆርቆሮ በላዩ፣ እሱ ደግሞ በታችኛው ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይተኛል። ፕላስቲኩን ስትገዙ ግን የጣሪያችሁን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሞገዱ ካልገጠመ ምንም ማስቲሽ አያድነውም።

ሚስማሩ ላይ ብዙ አናጺዎች ይቸኩላሉ። ፕላስቲክ በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት 5 እጥፍ ያህል ነው፤ የመቂ ቀንና ሌሊት ደግሞ አንድ አይደሉም። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ባለ 2 ሜትር ሉህ በ40 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ 5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ቀዳዳው ከሚስማሩ ሰፋ ብሎ በመሰርሰሪያ ይበሳ፤ በመዶሻ አይደብደብ። ሚስማሩ ከነጎማው በጉብታው አናት ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ አይመታ። ይህ ለቆርቆሮውም ይሠራል። ጣሪያችሁ ባለ 35 ከሆነ ከ32ና ከ28 የሳሳ ስለሆነ ሲረገጥ ይጎደጉዳል፤ የጎደጎደበት ቦታ ውሃ ይቋጥራል።

ክፈፍ ያለው መስኮት የግድ ከሆነ ዙሪያውን የሚከብበው ላሜራ የሥራው ሁሉ እምብርት ነው። በዴንማርክ በ1941 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው ቬሉክስ የጣሪያ መስኮቶቹን የሚሸጠው ለየጣሪያው ዓይነት ከተለየ ላሜራ ጋር ነው፤ ለጠፍጣፋ ጣሪያ የተሠራው ለሞገደኛ አይሆንም። እኛ ዘንድ ላሜራውን የሚያጥፈው የሠፈር ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ እሱ በትክክል እንዲያጥፈው ልኩን መንገር የእናንተ ፈንታ ነው።

ከሁሉ በፊት ቦታውን ምረጡ። መስኮቱ በሁለት ሞራሌዎች መካከል ይግባ፤ ሞራሌ አይቆረጥ። ወደ ኮልሞው በቀረበ ቁጥር ይሻላል። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ከበላዩ 4 ሜትር ጣሪያ ቢኖረው፣ 30 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ዶፍ 72 ሊትር ውሃ ጀርባው ላይ ያወርድበታል። ይህ ከ3 ጀሪካን በላይ ነው። ኮልሞው ሥር ከሆነ ግን የሚመጣው ውሃ ጥቂት ነው፤ የላይኛውም ላሜራ ኮልሞው ሥር ገብቶ ይደበቃል።

ክፈፉ ከጉብታው አናት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ላሜራው የሚገባው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ የታችኛው ይገጠማል፤ በቆርቆሮው ላይ ይተኛል። ቀጥሎ የግራና የቀኙ፤ እነዚህ የታችኛውን ጫፍ ይደርባሉ፣ ወደ ጎንም ሁለት ጉብታ ያልፋሉ። መጨረሻ ላይ የላይኛው ይመጣል፤ ጎኖቹን ይደርባል፣ እሱ ራሱ ግን ከበላዩ ባለው ቆርቆሮ ሥር ይገባል። የላይኛውን ከቆርቆሮው በላይ አስተኝቶ በሲሊኮን የሚለጥፍ ባለሙያ ካያችሁ ሥራውን አስቁሙት። ለአንድ ክረምት ይይዝ ይሆናል፤ ፀሐይ ሲያደርቀው ይላቀቃል። ሲሊኮንም ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተው ዓይነት የቆርቆሮውን ዚንክ ይበላል። በሞገዱና በላሜራው መካከል የሚቀረውን ክፍተት በስፖንጅ ድፈኑት፤ አለዚያ ወጨፎና የበጋው አቧራ በዚያው ይገባሉ።

ስለ ሙቀቱም እንናገር። መቂ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ታጋድላለች። ጣሪያችሁ ሁለት ክንፍ ካለው ብርሃኑን በሰሜኑ ክንፍ ክፈቱ። ለ16 ካሬ ሜትር ክፍል 1 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ቤቱ ምጣድ ይሆናል። ማዕድ ቤት ውስጥ እንጨት የምታነዱ ከሆነ ፕላስቲኩ ከምድጃው አናት ይራቅ።

አሁን ብዙዎች የሚረሱት ጉዳይ አለ። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የልጆቻችን ጥርስ የሚበልዘው በዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የዝናብ ውሃ ግን ከፍሎራይድ ነጻ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከአሸንዳ ወደ በርሜል የሚጠራቀመው ውሃ ለሕፃናት ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ ጣሪያ የምትጠጡ ከሆነ ላሜራው ከጋልቫናይዝድ ወይም ከአሉሚኒየም ይሁን። በአውሮፓ የድሮ ቤቶች ላይ እርሳስ የተባለው ብረት ይለበጣል፤ ለስላሳና ለማጠፍ የሚመች ነው፤ ነገር ግን ወደ ውሃው እየገባ የልጅን አእምሮ ይጎዳል። ሬንጅም ቢሆን ውሃውን ያበላሻል። የመጀመሪያውን ዝናብ አፍስሱት፤ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ይወርዳል።

ሠራተኛውንም አስጠንቅቁ። ፕላስቲክ ሰው አይሸከምም፤ አቧራ ከለበሰ በኋላ ደግሞ ከቆርቆሮው አይለይም። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው በሞራሌዎቹ ላይ በተጋደመ ጣውላ ይሂድ፤ ከታችም ልጆች አይቁሙ።

ሥራው ሲያልቅ ክረምትን አትጠብቁ። አንድ ሰው ውስጥ ይቁም፣ ሌላው በጎማ ውሃ ያፍስስ። መጀመሪያ የታችኛው ላሜራ ላይ ብቻ፣ ለጥቂት ደቂቃ፤ ቀጥሎ ጎኖቹ ላይ፤ በመጨረሻ ከበላዩ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም አብሮ ይረጥብና የቱ እንዳፈሰሰ አይታወቅም። ጠብታው የወደቀበትም ቦታ አያታልላችሁ፤ ውሃ በሞራሌው ላይ ሄዶ ከቀዳዳው ርቆ ሊንጠባጠብ ይችላል። እንዲህ ያለው ፍተሻ ግንቦት ላይ፣ ከመስኮቱ ጀርባ የተከማቸው ቅጠልና አቧራ ከተጠረገ በኋላ፣ በየዓመቱ ቢደገም ይመረጣል።