በጋራው ሜዳ ላይ የፈረመው ማን ነው?

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ፥ የከተማ ነዋሪውን በማኅበር ያደራጀውም ይኸው አዋጅ ነበር። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ሰነድ መስፈራቸው የአጋጣሚ ነገር አልነበረም፤ ቦታው የጋራ ከሆነ ጠባቂውም የጋራ መሆን ነበረበት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም የመሬትን ባለቤትነት ለመንግሥትና ለሕዝብ ብቻ ሰጥቶአል። እንግዲህ በአንድ ክፍት ሥፍራ ላይ የሚፈርም የወረዳም ሆነ የክፍለ ከተማ ሹም ባለአደራ እንጂ ባለርስት አይደለም። ባለአደራ ደግሞ ይጠየቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ከስያሜው ነው። ሕፃናት ኳስ የሚራገጡበት፥ የዕድር ድንኳን የሚተከልበት፥ አዛውንቶች ፀሐይ የሚሞቁበት ሥፍራ በቢሮክራሲው መዝገብ «ባዶ ቦታ» ተብሎ ይሰፍራል። ባዶ የተባለ ነገር ደግሞ መሙላት አለበት! ነገር ግን ይህ «ባዶ» ምን እንደሚሠራ እስቲ በቁጥር እንመልከተው። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል። ርዝመቱ 100፥ ወርዱ 70 ሜትር የሆነ አንድ የኳስ ሜዳ በዓመት ቢያንስ 7,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይቀበላል ማለት ነው፤ ይህም በ200 ሊትር በርሜል ሲሰፈር 35,000 በርሜል ይሆናል። ከዚህ ከፊሉ ይተናል፥ ከፊሉ ይፈሳል፥ የቀረውን አፈሩ ይጠጣዋል። ሜዳው በሲሚንቶ ሲለበድ ግን ወደ መሬት የሚሰርገው ይቀርና ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ቦዩ፥ ከቦዩም በወንዙ ዳር ወደተሠሩት የድሃ ቤቶች ይንደረደራል። ከተማይቱ ከለገዳዲ፥ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ሌላ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች እንደምትጠጣ ይታወቃል። ከላይ የማይሰርግ ውሃ ከታች ሊቀዳ አይችልም። ስለሆነም የሜዳው ጉዳይና የቧንቧው ጉዳይ አንድ ጉዳይ ነው፤ በሁለት ጽሕፈት ቤት ስለሚሠራ ብቻ ሁለት መስሎ ይታያል።

የጋራ ሥፍራ በአንድ ሌሊት አይወሰድም። በመጀመሪያ የቆርቆሮ አጥር ይቆማል፥ «ለጊዜው ነው» ይባላል። ከዚያ መጋዘን ይሆናል፥ ቀጥሎ ሱቆች ይደረደሩበታል፥ በመጨረሻም ፕላኑ «ተሻሽሎ» ይመጣል። «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል ምን ያህል ዕድሜ እንዳላት የጃንሜዳ ታሪክ ያስታውሰናል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛወረ። የውሳኔው ምክንያት ቅን ነበር፥ ይህን አንክድም። ይሁን እንጂ ወራት አልፈው ሜዳው በብስባሽና በጭቃ ሲዋጥ፥ ገበያው ተነሥቶ ሥፍራው ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት የደረሰው ሕዝቡ አጥብቆ ስለጠየቀና ወጣቶች አካፋና መጥረጊያ ይዘው ስለወጡ ነው። ጃንሜዳ ስም ስላለው ተረፈ። ስም የሌለው የሰፈር ሜዳስ?

ጉዳዩ የአንድ ከተማ ብቻም አይደለም። ሐረር ለአሥርት ዓመታት ስትጠጣው የኖረችው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆ ነበር። ለጫትና ለአትክልት መስኖ፥ ለከተማውም ፍጆታ ያለ ልክ ተቀዳ፤ ከተራቆተው ተረተር የወረደው ደለል ደግሞ ሞላው። እያንዳንዱ ፓምፕ በግልጽ፥ በቀን ብርሃን ነበር የሚሠራው። በየደረጃው ሹም ነበር፥ ስብሰባም ነበር፤ አቁሙ ብሎ የወሰነ ግን አልነበረም። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ዳግም ውሃ መቋጠር መጀመሩ የሚያስደስት ነው፤ ሐረር ግን በመካከሉ ውሃዋን ከድሬዳዋ አቅጣጫ ካሉ ጉድጓዶች በቧንቧ ለማስመጣት ተገድዳለች።

ሕግና ፕላን የለም እንዳይባል ሁለቱም አሉ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከከተማው መሬት 30 በመቶውን ለመንገድ፥ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ለክፍት ሥፍራ፥ 40 በመቶውን ለግንባታ መድቦአል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ተከፍቶአል፤ የወንዞችን ዳርቻ የማልማቱም ሥራ ተያይዟል። እነዚህን እናደንቃለን። ታላቁ ፓርክ ሪባን የሚቆረጥለት ነውና ተሟጋች አያጣም፤ እኛ የምንሟገተው ሪባን ለማይቆረጥለት ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር የከተማው አስተዳደር ራሱ ባስጠናው ጥናት ከ1,300 ሄክታር በላይ መሬት በሕገወጥ መንገድ ተይዞ መገኘቱን ይፋ አድርጎአል። ይህ ሁሉ መሬት በራሱ እግር አልሄደም። ለካርታው ማኅተም ያስፈልጋል፥ ማኅተሙን የያዘ እጅ አለ፥ እጁም ስም አለው። ሰፊው ሕዝብ የሄክታሩን ቁጥር ሰምቶአል፤ ስሞቹን በየወረዳው፥ በየፊርማው ዝርዝር ሊሰማ ይገባዋል።

ስለ ውሃም ያለው አነጋገር እንዲሁ የተገለበጠ ነው። በየስብሰባው «ነዋሪው ውሃ ይቆጥብ» ይባላል። በፈረቃ ሌሊት ተነሥታ ጀሪካን የምትሞላ እናት ቁጠባን ከማንም አትማርም። ከግድቡና ከጉድጓዱ ወጥቶ ከቆጣሪ ሳይደርስ በአሮጌ መስመር የሚባክነው ውሃ ነው የቁጠባው ዋና ማሳ። ለወር መንገድ ላይ ሲፈስ የሚከርም ቧንቧ ስንት ጊዜ ሪፖርት ተደረገ? በስንት ቀን ተጠገነ? ይህን የሚያሳይ ሰሌዳ በወረዳው በር ላይ ቢሰቀል ከአሥር የቅስቀሳ ጽሑፍ ይበልጣል።

ሂሱ ወደ ነዋሪው ማኅበር ሳይዞር መቅረት የለበትም። አጥሩ ሲቆም ዝም ያለ፥ ከሚከፈቱት ሱቆች አንዱ ለዘመዱ እንደሚደርስ በማሰብ አጨብጭቦ የወጣ አባል በየሰፈሩ አለ። ቆሻሻውን በሌሊት ወንዝ የሚደፋም እንዲሁ። ይህን ያልታገለ ማኅበር ሹሙን ፊት ለፊት ለመጠየቅ አንገቱ አይቀናም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምና ተመራጭ ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ለማንሣት እንደሚችልም ይናገራል። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። እንግዲህ ከሰኔ በፊት እያንዳንዱ ማኅበር ሦስት ሰዎች መርጦ የአካባቢውን ፕላን ቅጂ ከወረዳው ይጠይቅ፤ ሜዳዎቹን በእግሩ ዞሮ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክር፤ የጎደለውን በካሬ ሜትር ጽፎ ለተመራጩ በስብሰባ ላይ በእጁ ይስጠው። መልሱም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፥ ቀንና ፊርማ ያለበት ይሁን።