ሰላጣችን ወቅት ይወቅ

ባሕር ዳር ውስጥ ምግብ ቤት ገብታችሁ ሰላጣ ብታዙ የሚቀርብላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ከሥሩ የተነጠፈ የሰላጣ ቅጠል። ሐምሌም ሆነ የካቲት ለውጥ የለውም። የቤታችንም ከዚህ አይርቅም። ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህ ያንሰናል።

በበጋ እንኳ ቲማቲም ላይ መክረም ያስኬዳል። የፎገራ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ከተሠራው የቆጋ መስኖ የሚመጣውም አትክልት ገበያውን የሚሞላው ያኔ ነው፤ ሁዳዴም የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው። ጥንቃቄው ጨው ላይ ነው። ጨው ቲማቲሙን ውሃ ስለሚያስተፋው ሰላጣው የሚቀመመው ገበታው ሊቀርብ ሲል ብቻ ነው።

ለጥምቀት ደግሞ እሸት ሽምብራ አለልን። የክረምቱ ውሃ ሲሸሽ በፎገራና በደንቢያ መሬት በቀረው እርጥበት የሚበቅለውን ሽምብራ መንገድ ላይ እየፈለፈልን ከመጨረስ፣ ጥቂቱን ቤት አድርሰን በደቃቁ ከተከተፈ ቃሪያና ሽንኩርት ጋር በሎሚና በዘይት ብናሸው ለእንግዳ የሚቀርብ ሰላጣ ይወጣዋል።

የምንቸገረው ክረምት ላይ ነው። ዝናብና በሽታ ቲማቲሙን ይጎዱታል፣ ዋጋውም ይንራል። ጎርፉ የወንዙን ውሃ ስለሚያደፈርሰው ጥሬ ቅጠልም ያሰጋል፤ አቼቶ ጠብ ባለበት ውሃ ነክሮ ማውጣት ደግሞ አያስተማምንም፣ ቅጠል በቅጠል በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት። ስለዚህ የክረምት ሰላጣ የበሰለ ይሁን እላለሁ። ቀይ ሥርና ድንች አንዱ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው አዚፋ ነው።

አዚፋን አዚፋ የሚያሰኘው ሰናፍጩ ነው። ፍሬው እንዲሁ ቢሸተት ምንም የለውም፤ ተወቅጦ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ነው አፍንጫ የሚሰነፍጠው። ፈልቶ የወረደ ውሃ ከፈሰሰበት ወይም ሎሚው ከቀደመው ኃይሉ ይሞታል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ ይለወስ፣ ተከድኖ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ ሎሚው ከዚያ ይግባ። ድፍን ምስሩ ተቀቅሎ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ግማሹን ጨፍልቆ ግማሹን እንዳለ መተው ነው። ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጨው፣ ዘይት፤ አለቀ። በሎሚው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነታችን የምስሩን ብረት በደንብ እንዲወስድ ያግዘዋል። ቡና ይህንኑ ብረት ስለሚያስቀር፣ ቡና ወዳዶች ቅር ባይላችሁ፣ ጀበናውን ከምግቡ ጥቂት አዘግዩት።

ዓሣውንም አንርሳ። ቆሮሶ ከመጥበስና ከመጎልጎል ሌላ የማናውቅ ይመስላል። ተቀቅሎ፣ እሾኹ አንድ በአንድ ተለቅሞ፣ ከዜጌ በመጣ ሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ሲታሽ ለፋሲካ ማግስት ይስማማል፤ በሥጋና በቅቤ የከበደ ሆድ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። የቆጋ አቮካዶ ከተጨመረበት ዘይት አያሻውም።

የባሕር ዳር ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ባለቤቶች፣ ፍልሰታ ሲገባ የተወደደውን ቲማቲም ከየትም ፈልጋችሁ ከምታቀርቡልን አዚፋን በምግብ ዝርዝራችሁ ላይ ጻፉልን። እኛም እናዛለን።